ባለ ልኳንዳው የጋበዙት ምሳ

«በልቷል! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያ ጎመን በጤና ሥጋ በልቷል!»

የሰንጢ አክስት ይህችን ወሬ ጠዋት ሥጋ ቤቱ ሲከፈት ታነሣታለች፤ ማታ ሲዘጋም አታስቀምጣትም። ሽንጥ ለገዛ ከሽንጡ ጋር፣ አጥንት ለገዛ ከአጥንቱ ጋር ምራቂ አድርጋ ትሰጣለች። ወሬው ደግሞ እንደተቀለበ በሬ በየቀኑ ይወፍራል። መጀመሪያ ወጣቱ የበላው አንድ ቁራጭ ነበር። በማግሥቱ ሳህን ሙሉ ሆነ። ዛሬ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ፣ ጣቱን ልሶ፣ «ጭማሪ የለም?» ብሏል። ትንሽ ቀን ከታገሧት በሬውን ከነቀንዱ ታስውጠዋለች።

ሰንጢ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ቢላዋ በሞረድ ትስላለች። እጇ አይስትም። «ጎመን በጤና» የሚሉት ሰው የምታገባው ሰው ነው። ወይም እስከዚህ ሳምንት ድረስ የምታገባው ሰው ነበር።

«አክስቴ፣ ምላስሽን አምጪውና አብሬ ልሞርደው» አለች ቀና ሳትል። «የደነዘ መሰለኝ፤ አንድ ቦታ ብቻ ይመላለሳል።»

«ለስለቱስ ያንቺ ይበቃናል። እኔ ያየሁትን ነው የማወራው! በጓሮው መስኮት፣ በዚህ በዓይኔ! አባትሽ ሳህን አቀረበለት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ጥርግ! ያ እኔ የመረጥኩልሽ የከብት ነጋዴው ልጅ ምን ጎደለው? ሲበላም በአደባባይ ነው የሚበላው፤ እንደ ሌባ አይደበቅም።»

«መስኮት ሥር የተደበቅሽው አንቺ ነሽ።»

ደንበኞቹ ሳቁ። ሰንጢም የሳቀች መሰለች። የሐሰት ሣቋን ለመሸፈን እጇን ወደ ግድግዳው ጥግ ዘረጋች፤ እዚያ ብቻውን በሚስማር ላይ የተሰቀለ አዲስ ትንሽ ቢላዋ አለ።

«እሱን ተይው!» አሉ አባቷ ከኋላዋ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። የአባቷ ቢላዋዎች ሁሉ ከአያቷ የወረሷቸው፣ በስለት ብዛት እንደ ቅጠል የሳሱ ናቸው፤ አዲስ ሲገዙ አይታ አታውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ለማን ሠርግ ነው?» ብላ ትነዘንዛቸው ነበር። ዛሬ ግን ለሠርግ ቀልድ ልብ አልነበራትም።

ሰንጢ ያሏት ምላሷ ስለሚቆርጥ ነው። እናቷ ስትሞት ትምህርቷን አቋርጣ ከአባቷ ጎን ቆመች፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማራት የሥጋ መጠቅለያ ጋዜጣ ነው። ደንበኛ እስኪመጣ ታነባለች፤ ደንበኛ ሲመጣ ያነበበችውን ገጽ ጠቅልላበት ትሰጠዋለች። ስለዚህ የዓለምን ነገር ሁሉ መጀመሪያውን ታውቃለች፤ መጨረሻውን ራሷ ትሞላዋለች። ተከራክሮ የረታት አልነበረም፤ የቱ የጋዜጣው፣ የቱ የራሷ እንደሆነ የሚለይ ከየት ይመጣል?

እሱ ወደ ሥጋ ቤቱ የገባው እንዲህ ስታነብ በነበረችበት አንድ ረፋድ ነው፤ ረጅም የፕላስቲክ ቦት ተጫምቶ፣ ሱሪው ጭቃ ጠጥቶ።

«ምን ይቆረጥ?»

«ምንም። በሬዎቻችሁ ከየት እንደሚመጡ ልጠይቅ ነው።»

«ለምን? ቤተሰቦቻቸውን ለቅሶ ልትደርስ ነው?»

ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ ሳቀ፤ ያውም ባንኮኒውን ተደግፎ። የውሃ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው፤ ከድልድዩ ሥር የወንዙን ከፍታ ይለካል። ወንዙ ለምን በየዓመቱ እንደሚቀጥን ሲከተል ሲከተል ተራራው ጫፍ ወጣ፤ ከተራራው ጫፍ ደግሞ የከብቱን ዱካ ይዞ ሲወርድ እነሰንጢ ባንኮኒ ላይ ደረሰ።

«ላይ ዱር ነበር» አላት። «ለግጦሽና ለመኖ ተብሎ ተመነጠረ። የተራቆተው መሬት በኮቴ ተደቅድቆ ዝናብ አያሰርግም፤ ሲመጣ ጎርፍ ነው፣ ሲሄድ ድርቅ ነው። የተረፈውን ወንዝ ደግሞ ለመኖው ማጠጫ ይጠልፉታል። በሬ ሣር ብቻ የሚበላ አይምሰልሽ፤ ዱር ይበላል፣ ወንዝ ይጠጣል። አንድ ሳህን ሥጋ የሚወጣበት መሬት ባቄላና ምስር ቢዘራበት ስንት ሳህን በሞላ! በዚያ ላይ ሲያመነዥግ የሚያገሳው አየር ሰማዩን ያሞቀዋል።»

«ግሳት ሰማይ የሚያሞቅ ከሆነ» አለች ሰንጢ፣ «ጎረቤታችን ጡረተኛው ብቻቸውን አንድ በጋ ይወጣቸዋል።»

አባቷ ሳይቀሩ ከጓዳ ሳቁ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሁንም ሥጋ አልገዛም። ጋዜጣ ነበር የያዘላት፤ ያልተቀደደ፣ ደም ያልነካው፣ መጨረሻ ያለው ጋዜጣ። አበባ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ከነአበባው ታባርረው ነበር። ጋዜጣውን ስትቀበለው ግን ዓይኗን ከዓይኑ ላይ ማንሣት አቃታት።

ሥጋ የተወችው ግን ለዓይኑ ብላ አይደለም። ይህን ለጠየቃት ሁሉ አስረግጣ ትናገራለች። ወራት ሙሉ ተከራከረችው። «እናንተ ደመወዝተኞች ጎመን በጤና ስትሉ እኛ ሥጋ ቆራጮቹ ምን እንብላ? ምክራችሁን?» አለችው። ያን ጊዜ ነው ስሙ የወጣለት። በመጨረሻ አብራው ወጥታ የተላጨውን ተራራ አየች። ምንጭ የነበረበትን ጉድጓድ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ደርቆ እንደ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ቤቷ ተመልሳ የቀረበላትን ሥጋ ገፋ አደረገች። «ማንም ብሎኝ አይደለም» አለች። «ስላየሁ ነው።»

ሠፈሩ ከዚያ ወዲያ ምን አጣ! «የልኳንዳ ልጅ ሥጋ ተወች? ዓሣ ውሃ ተጠየፈች በሉኛ!» እያለ ተሳለቀባት። ለሠፈሩስ መልስ ነበራት። መልስ ያጣችው ለአባቷ ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ከፊቷ ዘርግተው፣ «ያሳደገሽ ይኼ እጅ ነው፤ ተጠየፍሽው?» አሏት። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በአንድ ገበታ አልቀረቡም። ምላሷ ሁሉን የሚቆርጠው ልጅ ለዚያች አንዲት ጥያቄ የሚሆን ቃል አጥታ ከረመች።

በዚህ መሐል ወጣቱ ወደ ላይኛው ተራራ ተመደበ፤ ዱሩን መልሶ የማልማት ሥራ ሊይዝ። «አብረሽኝ ነይ፤ ሚስቴ ሁኚ» አላት። እሷም «እሺ» አለች፤ ግን ማለች። ያለ አባቷ ምርቃት ከዚያ ደጃፍ አንዲት እርምጃ አትሄድም። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሳቸው ያላት እሷን፣ እሷም ያላት እሳቸውን ነው።

እናም ባለፈው የዕረፍት ቀን ባለ ልኳንዳው ድንገት ወጣቱን አስጠሩት። ጠዋት ከአትክልት ሻጯ ጋር ሲንሾካሾኩ ታይተው ነበር፤ ከዚያ የሥጋ ቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀሩ፤ «ማንም እንዳይገባ!» አሉ። ከሰዓት በኋላ በሩ ሲከፈት ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ልጄን የምሰጠው ሰው አገኘሁ» አሉ፤ መረቋቸውም። ሰንጢ የአባቷን ጉልበት አቅፋ ስማ ተነሣች። ያን ከሰዓት ምድር አልበቃት አለ።

ደስታዋ ግን አክስቷ አፏን እስክትከፍት ነው የቆየው። በልቷል!

ያቃጠላት ሥጋው አልነበረም፤ መረታቱ ነው። እሷ ሠፈር ሙሉ ተሳልቆባት ያልጣለችውን ቃል እሱ በአንድ ሳህን ጣለው? የአባቷ ምርቃት በዚያ የተገዛ ነው? አትክልት ሻጯ እንኳ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰንጢን ባየች ቁጥር በሻሿ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ቢላዋውን ስላ ስትጨርስ ጥቂት ቃላት ጽፋ ላከችለት፦ «ለሳህን የተሸጠ ቃል ለእኔ አይሆነኝም። ነገ ከሰዓት ድልድዩ ላይ ና፤ ጋዜጣህን ትወስዳለህ።» ከላከችው በኋላ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቢላዋ የያዘ እጅ ዕንባ መጥረግ አይመቸውም።

ድልድዩ ላይ ቀድሟት ደርሷል። ከበታቹ ወንዙ ድንጋይ ለድንጋይ እየተሹለከለከ ያልፋል። ከድልድዩ ምሰሶ ላይ በቀለም የተሠመረው የውሃው መለኪያ ከላይ እስከ ታች ደረቅ ነው፤ ውሃው እግሩን ብቻ ይልሰዋል። ሰንጢ የጋዜጣውን ክምር ታቅፋ መጣች። እንዲክድ በልቧ እየተመኘች ጠየቀችው።

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

ጋዜጣው ከእቅፏ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

«እንዴ! ትንሽ እንኳ አትክድም?»

«አንቺን? ምን ብዬ?»

«እኔኮ ያንተን ቃል ይዤ ከአባቴ ገበታ ተለየሁ! የሠፈሩ መሣለቂያ ሆንኩ! አክስቴ እንኳ አንተን ከከብት ነጋዴ ልጅ ጋር አነጻጽራ ስትሸጠኝ ‹የእኔው ቃሉን አይበላም› ነበር የምላት። አንተ ቃልህን ከነመረቁ!»

«የእኔን ቃል ይዘሽ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «ስላየሁ ነው ያልሽኝ መስሎኝ።»

የሰንጢን ቃል መልሶ ለራሷ የሚሰጣት ሰው ይኼ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነበር የወደደችው፤ አሁን ደግሞ ለዚሁ ልትጠላው ፈለገችና አቃታት።

«ንገረኝ» አለች። «እንዴት እንደበላህ ንገረኝ።»

«ጋሼ ሳህኑን ሲያቀርቡልኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። አጥንት ከመገጣጠሚያው ሳያይ የሚያገኝ እጅ ነው። እናቷ የሞተች ቀን እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«‹ላንተ ስል በእጄ ሠራሁት፤ ብላ› አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ቆመው ብቻ ያዩኛል። እምቢ ብል እምቢ የምለው ሥጋውን አልነበረም፤ እሳቸውን ነው። አንቺን ያሳደገውን እጅ ነው። ወንዙን አንዲት ሳህን አላደረቀችውም፤ አንዲት ሳህንም አታድነውም። የሚያድነው ሰው በየቀኑ የሚበላው ነው። እኔ ዛሬም ምስሬን በልቻለሁ፣ ነገም እበላለሁ። ያን ቀን ግን ምስጋና ነበረብኝ። የመጀመሪያውን ሳላላምጥ ዋጥኩት። ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ ያደረጉልኝን አውቃለሁ› አልኳቸው። ዕንባቸው መጣ።»

ነፋስ የጋዜጣውን ጠርዝ ያርገበግበዋል። ሰንጢ የአባቷን ሁለት እጆች አየች፤ እንደዚያን ቀን ከፊቷ እንደተዘረጉ። ተጠየፍሽው? ላሏት ጥያቄ ወራት ሙሉ ያጣችውን መልስ ይኼ ሰው አንዲት ቃል ሳይከራከር፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በአፉ መልሶላታል። እሷ ግን መጀመሪያውን ከአክስቷ ሰምታ መጨረሻውን ራሷ ሞላችው፤ ልክ እንደ መጠቅለያው ጋዜጣ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።

«ሁለተኛውንስ?» አለች፤ ድምጿ ተሰብሮ።

«ሁለተኛውን ምን?»

«የመጀመሪያውን ሳታላምጥ ዋጥከው። ሁለተኛውንስ?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «እሱን ባትጠይቂኝ። ጣፈጠኝ። ከሁሉ ያሳፈረኝ እሱ ነው።»

ይቅርታ ብትል ይቀላት ነበር፤ ይቅርታ መጠየቅስ ትችልበታለች፣ ምላሷ ብዙ ጊዜ አስለምዷታል። ማመስገን ግን ለኩሩ ሰው ከባድ ነው፤ የሰው ባለዕዳ መሆንን ማመን ነውና። የጋዜጣውን ክምር መልሳ ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈችው።

«አመሰግናለሁ» አለችው። «አባቴን ስላከበርክልኝ።»

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት የባቄላ ሾርባዋን ይዛ ከአባቷ ገበታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ባለ ልኳንዳው ቀና አሉ። ሳህኗን አስቀመጠችና የቀኝ እጃቸውን ስባ መዳፉን ሳመችው፤ በዕድሜ ልክ ሥራ እንደ እንጨት የጠጠረውን መዳፍ።

«ያን ጊዜ አልመለስኩልህም፣ አባዬ። አልተጠየፍኩትም። መቼም አልጠየፈውም።»

ባለ ልኳንዳው ረጅም ጊዜ ሾርባዋን አዩ። «ልጅ ሆኜ» አሉ፣ «ያ ወንዝ እዚህ ድረስ ነበር።» ደረታቸውን ነኩ። «ከድልድዩ ላይ ዘለን ነበር የምንገባው። አሁን የሚዘል ልጅ ቢኖር አንገቱ ይሰበራል። ያንቺ ሰውዬ ሲናገር ከጓዳ እሰማው ነበር። ይኼ ቢላዋ ብቻውን አላደረቀውም። ግን የለሁበትም አልልም።» ሾርባዋን ወደ እሷ ገፋ አድርገው ጨመሩ፦ «ጥሩ ሰው ነው። የተደረገለትን ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው።»

«በልቶኮ ነው ጥሩ የሆነው!» አለች አክስቷ ከባንኮኒው። «እኔ ነኝ ያየሁት!»

አባትና ልጅ እኩል ሳቁ። አባቷ ግን ትንሽ አበዙት፤ ዕንባቸው እስኪወርድ፣ ደረታቸውን ይዘው እስኪያስሉ። ሰንጢ ለሣቃቸው ማብዛት ምክንያት አልፈለገችም። ከአባቷ ፊት ተቀምጣ መብላቷን ገና አልጠገበችውም።

ተጋብተው የሄዱበት ቀን ሰማዩ ዳመና ቋጥሯል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቆመ፤ ከኋላው በፕላስቲክ ከረጢት የበቀሉ ችግኞች ተደርድረው፣ በመሐላቸው የሰንጢ ሻንጣ፣ ከሻንጣው በላይ የጋዜጣው ክምር። አክስቷ እያለቀሰች መስኮቱን ያዘች። ወሬኛ ትሁን እንጂ ልቧ ለስላሳ ነው።

«አደራሽን፣ ሥጋውን ደብቀሽ አታስርቢው! ቢበላኮ ይበላል፤ እኔ ነኝ ያየሁት!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለ ባሏ፣ እንደገና እየቀላ። ሰንጢ እጁን ጨበጥ አደረገችለት። በላ አልበላ፣ ለእሷ ጉዳዩ ካለቀ ቆየ።

ባለ ልኳንዳው መጨረሻ ላይ መጡ። ሽርጣቸውን አላወለቁም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር በመስኮቱ አሳልፈው ሰጧት፤ ከዚያ አጎንብሰው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት፤ ነግረዋትም ወደ አክስቷ ዞር ብለው ገላመጡ፣ እንዳልሰማች ለማረጋገጥ። ከማዶ አትክልት ሻጯ በሻሿ አፏን ሸፍናለች።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። የሰንጢ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ባሏ ታለቅሳለች ብሎ ሊያባብላት ዞረ፤ አዎ ታለቅሳለች፣ ግን እየሳቀች ነው የምታለቅሰው። ድልድዩ ላይ ደረሱ። ከበታቻቸው ቀጭኑ ወንዝ ወደ ታች ይወርዳል፤ እነሱ ወደ ምንጩ ይሄዳሉ።

«ምን አሉሽ?» አላት።

ጋዜጣውን ፈታችው። ከውስጡ ያ አዲስ ትንሽ ቢላዋ ወጣ፤ ስለቱ ገና እንደተገዛ ያበራል። ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኼ ሥጋ ነክቶ አያውቅም» አለችው፣ ዕንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ያን ቀን አባዬ በሩን የቀረቀረው፣ ባለ ልኳንዳ ቆሞ ላንተ እንጉዳይ ሲጠብስ ሠፈሩ እንዳያየው ነው።»